አንትሮፖሎጂ ምን ያስተምራል? ከባሌ ደጋ የተወሰደ መግቢያ

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ፣ ምህንድስናም ይሁን ሕግ ሊማር፣ በመጀመሪያው ዓመት ሶሻል አንትሮፖሎጂ የተባለ የጋራ ኮርስ ያገኛል። በባሌዋ ሮቤ ከተማ በመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የተመደበውም እንዲሁ። ብዙዎች ኮርሱን ለፈተና ሸምድደው ያልፉታል። በዲግሪ ደረጃ ልቀጥልበት የሚል ተማሪና «ልጄ ይህን ተምሮ ምን ይሆናል?» የሚል ወላጅ ግን ከሞጁሉ ያለፈ ማብራሪያ ይሻሉ። ማብራሪያው ደግሞ እዚያው በሮቤና በጎባ ዙሪያ ይገኛል።

አንትሮፖሎጂ ሰውን ከየአቅጣጫው ያጠናል። አካሉንና አመጣጡን ባዮሎጂያዊ አንትሮፖሎጂ፣ ጥሎት ያለፈውን ቅርስ አርኪዮሎጂ፣ አነጋገሩን የቋንቋ አንትሮፖሎጂ፣ የሚኖርበትን ሥርዓት ደግሞ ማኅበረሰባዊና ባህላዊ አንትሮፖሎጂ ይመረምራሉ። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዲግሪው ክብደት በዚህ በመጨረሻው ላይ ነው፤ ሆኖም ተማሪው ሌሎቹንም ይቀምሳል።

ከጥንቱ እንነሣ። በባሌ ተራሮች 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ፊንጫ ሀበራ የተባለ የዋሻ መጠለያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት እዚያ ይኖሩ እንደነበር አሳየ። ያኔ የተራራው አናት በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነበር። ነዋሪዎቹ ከበረዶው የሚቀልጠውን ውሃ ይጠጡ፣ 4,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከሚገኝ ጥቁር ባልጩት መሣሪያ ይሠሩ፣ ዛሬም በባሌ ተራሮች በሳነቴ አምባ የሚገኘውን ግዙፍ ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ ነበር። ሰው ከፍተኛ ተራራ ላይ መኖር የጀመረው በጣም ዘግይቶ ነው የሚለውን ሐሳብ ግኝቱ አናወጠው። ከተቃጠለ አጥንትና ከድንጋይ ስባሪ ይህን ያህል ታሪክ እንዴት እንደሚወጣ ማወቅ የትምህርቱ አንድ ክፍል ነው።

ወደ ዛሬው ስንመጣ ሲንቄን እንውሰድ። የአርሲ ኦሮሞ ልጅ ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ቀጭን በትር ነው። ባል ሚስቱን በአራስነቷ ቢመታ፣ ጩኸቷን የሰሙ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ሽማግሌ ገብቶ፣ ጥፋተኛው ካሣ ከፍሎ እርቅ እስኪወርድ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። በተጣሉ ወገኖች መካከልም ሲንቄ ይዘው ከቆሙ ጠቡ ይበርዳል።

የአንትሮፖሎጂ ተማሪ «ሲንቄ የሴቶችን መብት ያስከብራል» ብሎ ደብተሩን አይዘጋም። መጀመሪያ የወጣችው ማን ናት? ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ የተናገረው ማን ነው? ዝም ያለውስ? ካሣው ምን ነበር፣ ለማንስ ደረሰ? በሃይማኖት ምክንያት ሥርዓቱን የተዉ ቤተሰቦች ምን ይላሉ? ማታ ማስታወሻውን ሲጽፍ ያየውንና የሰማውን ለብቻ፣ የራሱን ግምት ለብቻ ያስቀምጣል። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ግምቱ እንደ ማስረጃ ይቆጠራል፤ ጥናቱም ይበላሻል። የሰዎቹን ፈቃድ መጠየቅና ስማቸውን መሸሸግም ከመጀመሪያው ቀን የሚለመድ ግዴታ ነው።

እንዲህ ከሰዎቹ መካከል ሆኖ እየተሳተፉ የማስተዋል ዘዴ በብሮኒስላቭ ማሊኖውስኪ ሥራ ዓለም አቀፍ ዝና አግኝቷል፤ እርሱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት በትሮብሪያንድ ደሴቶች ከነዋሪዎቹ ጋር ኖሮ አጥንቷል። በእኛው አካባቢም አስመሮም ለገሰ በቦረና የመስክ ጥናት አድርገው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት «ገዳ» ዛሬም የሚጠቀስ ሥራ ነው።

ጥቅሙ የት ነው? እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እንመልከት። የቀይ ቀበሮ አንዱ ጠላት ከእረኞች ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የሥነ ሕይወት ባለሙያ ቀበሮውን ይቆጥራል፤ የእንስሳት ሐኪም ውሻውን ይከትባል። እረኛው ያለ ውሻ ለምን ማደር እንደማይችል፣ ከብቱን በየወቅቱ ከቦታ ቦታ የሚያዛውርበት የጎዳንቱ ሥርዓት በማን ስምምነት እንደሚሠራ፣ መንገዱ ሲዘጋ ማን እንደሚጎዳ ጠይቆ የሚያስረዳ ሰው ከሌለ ግን የፓርኩ ደንብ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ተመራቂው በፓርኮች፣ በባህልና ቱሪዝም ቢሮዎች፣ በሙዚየሞች፣ በጤናና በልማት ፕሮጀክቶች ሊሠራ ይችላል። «አንትሮፖሎጂስት ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ግን በየቀኑ አይወጣም። ስለዚህ ተማሪው ስታትስቲክስን፣ ጥሩ የሪፖርት አጻጻፍንና ተጨማሪ ቋንቋን ከጎን ቢይዝ ይበጀዋል። የመመረቂያ ጽሑፉን ከሌላ ሰው ሥራ ገልብጦ ከማስረከብ በራሱ መስክ ላይ ቢደክምበት፣ ቀጣሪ ፊት የሚያቀርበው እውነተኛ ሥራ ይኖረዋል።

ስለ ባሌ ከውጭ የመጡ ምሁራን ብዙ ጽፈዋል፤ ኖርዌያዊው ቴርዬ ኦስተቦ በባሌ ሙስሊሞች የሃይማኖት ለውጥ ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተመው መጽሐፍ አንዱ ነው። እነርሱ ቋንቋውን ለመማርና እምነት ለማግኘት ዓመታት የሚፈጅባቸውን የጎባና የዲንሾ ልጅ ከቤቱ ይዞት ይመጣል። የእርሱ ችግር ሌላ ነው፤ የለመደውን ነገር ለምን ብሎ አይጠይቅም። ዲግሪው ይህን ጥያቄና የመጠየቂያውን ዘዴ ይሰጠዋል። የአካባቢውን ሕይወት የሚያውቅና በሥርዓት መመርመር የተማረ ሰው ባሌ ያስፈልጋታል። ስለዚህ ለዚህ ትምህርት የተመደበ ልጅ «ሌላ ቦታ ስላጣሁ ነው» ብሎ እንዳያፍርበት እመክራለሁ።