ቪዛና የመኖሪያ ፈቃድ ለየቅል ናቸው፦ ከምዕራብ ሸዋ ለሚያመለክቱ ተማሪዎች

በአምቦ፣ በጉደርና በጊንጪ በውጭ አገር ለመማር የሚሰናዱ ወጣቶችና ወላጆቻቸው «ቪዛ» በሚል አንድ ቃል የሚጠሯቸው ጉዳዮች በሕግ ሦስት የተለያዩ ሰነዶች ናቸው፤ እነርሱም የዩኒቨርሲቲ የቅበላ ደብዳቤ፣ የመግቢያ ቪዛና የመኖሪያ ፈቃድ ናቸው። ሰጪዎቻቸው የተለያዩ ስለሆኑ የአንዱ መገኘት ለሌላው ዋስትና አይሆንም። በሬውን ሸጦ ለልጁ ገንዘብ ያዋጣ ገበሬ የቅበላ ደብዳቤ ብቻ የያዘን ደላላ «ቪዛው አልቋል» ሲል ቢያምነው፣ ያስረከበውን ብር መልሶ የሚያገኝበት መንገድ እጅግ ጠባብ ነው።

ጀርመንን ለምሳሌ እንውሰድ። ዩኒቨርሲቲው ከተቀበለው በኋላ ተማሪው አዲስ አበባ በሚገኘው የጀርመን ኤምባሲ ለትምህርት ቪዛ ያመለክታል። ዋናው መሰናክል ገንዘብ ነው። ነፃ የትምህርት ዕድል ወይም በሕግ ኃላፊነት የሚወስድለት ሰው የሌለው አመልካች፣ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ ለአንድ ዓመት መኖሪያ 11,904 ዩሮ በስሙ በሚከፈት ልዩ የባንክ ሒሳብ ማስቀመጥ ይጠበቅበታል። ከሒሳቡ በወር ማውጣት የሚቻለው 992 ዩሮ ብቻ ነው። ገንዘቡ የተማሪው ስለሆነ፣ ቪዛው ቢከለከል የክልከላ ደብዳቤውን አቅርቦ ማስመለስ ይችላል። የማመልከቻው ክፍያ ግን አይመለስም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ በመድረሱ፣ ይህ ሸክም ለአርሶ አደር ቤተሰብ እጅግ ከብዷል።

ቪዛው የሚያገለግለው ለመግባትና ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት ነው። ተማሪው እንደ ደረሰ አድራሻውን በከተማው አስተዳደር ያስመዘግባል፤ ቪዛው ሳያልፍበትም ለውጭ አገር ዜጎች ጽሕፈት ቤት የመኖሪያ ፈቃድ ያመለክታል። ፈቃዱ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ተሰጥቶ ይታደሳል፤ ሲታደስ ግን ትምህርቱ በአግባቡ መቀጠሉና የመኖሪያ ገንዘብ መኖሩ ይጣራል። በዓመት 140 ሙሉ ቀን ሠርቶ መደጎም ቢፈቀድም፣ በዚያ ተስፋ ብቻ መሄድ አያዋጣም።

የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያን ላይ ያጠበቀው የቪዛ ሥርዓት፣ የውሳኔውን ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀናት ያራዘመው ከ90 ቀን ለማይበልጥ አጭር ጉብኝት ነው። የረጅም ጊዜ የትምህርት ቪዛ በየአገሩ ሕግ ስለሚታይ ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም።

በዞኑ ላሉ አመልካቾች የተለየ ጥንቃቄ የሚያሻው ግን የስም አጻጻፍ ነው። «ጫልቱ» የሚለው ስም በቁቤ ሲጻፍ በ«ሲ» ፊደል ብቻ ይጀምራል፤ በእንግሊዝኛው ልማድ ግን በ«ሲ» እና በ«ኤች» ይጻፋል። በተመሳሳይ «ጠ» በቁቤ «ኤክስ» ነው። የልደት ምስክር ወረቀቱ በአንዱ፣ ፓስፖርቱ በሌላው ከተጻፈ፣ ፊደሉን የማያውቅ የቆንስላ ሠራተኛ ሁለት ሰዎች መስለው ሊታዩት ይችላሉ። የዘመን አቆጣጠርም እንዲሁ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የተወለደ ወጣት ልደቱ እንደ ወሩ በፈረንጆቹ 2003 ወይም 2004 ላይ ይውላል። ስለዚህ ማስረጃዎቹ ተተርጉመው በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከመረጋገጣቸው በፊት ከፓስፖርቱ ጋር በየፊደሉ መነጻጸር አለባቸው፤ ስሕተት ከተገኘም የሚታረመው ሰነዱን በሰጠው መሥሪያ ቤት ነው።