ጠመንጃው ወይስ ጥይቱ? የዒላማ ተኩስ ሂሳብ

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በአጅባርም ሆነ በመካነ ሰላም፣ ጠመንጃ የክብርና የንብረት ጥበቃ ዕቃ ነው። ባለቤቱ ወልውሎ ያስቀምጠዋል እንጂ በየሳምንቱ አይተኩስበትም። በመሆኑም የዋጋ ክርክሩ ብረቱ ላይ ይጀመርና እዚያው ላይ ያበቃል። ዒላማ ተኩስ ስፖርት በሆነበት አገር ግን ብረቱን ብቻ አይቶ የገዛ ሰው ይከስራል።

የዚህ ስፖርት ትልቁ ገበያ አሜሪካ ነው። እዚያ በብዛት ከሚሸጡት ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎች፣ ማለትም ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ተኩሰው ቀጣዩን ራሳቸው ከሚያጎርሱት፣ ግንባር ቀደሙ ኤአር 15 የሚባለው ነው። ርካሹ ከ500 እስከ 700፣ መካከለኛው ከ1 ሺህ እስከ 1 ሺህ 500 ዶላር አካባቢ ያወጣል። ልዩነቱ በአብዛኛው የአፈሙዙ አሠራር፣ የቃታው ልስላሴና የጥራት ቁጥጥሩ ነው። በ100 ሜትር ርቀት ርካሹ ጥይቶቹን ከ6 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላይ ሲበትን፣ መካከለኛው ከ3 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ይሰበስባቸዋል።

ይህ ልዩነት ስንት ያወጣል? አንዱን ጠመንጃ 600፣ ሌላውን 1 ሺህ 200 ዶላር፣ አንዱን ጥይት 50 ሳንቲም እንበል። 500 ጥይት ብቻ የሚተኩስ ሰው በርካሹ 850፣ በመካከለኛው 1 ሺህ 450 ዶላር ያወጣል፤ ልዩነቱ ከባድ ነው። 10 ሺህ ጥይት ለሚተኩሰው ግን ወጪው 5 ሺህ 600 እና 6 ሺህ 200 ይሆናል፤ ልዩነቱ ወደ 11 በመቶ ይወርዳል። ከዚህም በላይ ጠመንጃው በሚበትን ጊዜ ተኳሹ የራሱን ስህተት ከብረቱ ስህተት መለየት ስለሚያቅተው፣ የልምምዱ ጥይት በከንቱ ያልቃል።

በእኛም አገር የሚታወቀው ሲሞኖቭ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። 10 ጥይት ይይዛል፤ ጥይቱም የክላሽንኮቭ ነው። ቻይና ሠራሹ በአሜሪካ የድሃ ጠመንጃ ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ከቻይና የሚገባው ጠመንጃ ሲታገድ ዋጋው ማሻቀብ ጀመረ። በ2021 ደግሞ አዲስ የሩሲያ ጥይት ማስገቢያ ፈቃድ ተከለከለ። ዛሬ ሲሞኖቭ ከብዙ ርካሽ ኤአር 15 የበለጠ ይጠየቅበታል፤ የጥይቱም የቀድሞ ርካሽነት ቀርቷል።

ተቃራኒውም አለ። ሮያል ታይገር ኢምፖርትስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ከኢትዮጵያ የገዛቸውን አሮጌ ጠመንጃዎች በቅርብ ዓመታት እዚያ ለገበያ አቅርቧል። ከነዚህ አንዱ ካርባይን ነው። ጥይቱ አሜሪካ ውስጥ ዛሬም ስለሚመረት፣ ለእኛ አሮጌ ብረት የሆነው እዚያ ተፈላጊ ሆኗል።

በአገራችን አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝንም ሆነ መነገድን ይከለክላል። ስለዚህ ነጋዴው ከዚህ የሚወስደው ስሌቱን ነው። ለአጅባር ወፍጮ ወይም የውሃ ፓምፕ የሚገዛ ሰው በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው የዕቃውን ዋጋ ሳይሆን ነዳጁና መለዋወጫው በስንት፣ ከየት እንደሚገኝ ነው።