እጅና እግር በራሱ ሲወራጭ፦ ስለ ቤዛል ጋንግሊያ ጉዳት ማወቅ ያለብን



ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ ደረሰኝ። «ዶክተር፣ የአባቴ የሲቲ ስካን ውጤት ላይ ቤዛል ጋንግሊያ የሚል ነገር ተጽፏል። ጎግል ሳደርገው እንቅልፍ አጣሁ። ምንድን ነው? ይድናል ወይ?» ይላል። ከዚህ በፊትም ስለተጠየቅኩ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጻፍበት። ታግሳችሁ አንብቡት፤ በተለይ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ቤታችሁ ካለ።

መጀመሪያ አንዲት እናት ላስተዋውቃችሁ።

ዕድሜያቸው ስድሳዎቹ ውስጥ ነው። ሁለት ልጆቻቸው ግራና ቀኝ ደግፈው አስገቧቸው። ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው ለአፍታ እንኳን አያርፍም፤ ይወረወራል፣ ይጠማዘዛል፣ ወንበሩን ይመታል። ትልቋ ልጅ «ዶክተር፣ ሦስት ሳምንት ሆናት። ሰው ሁሉ መንፈስ ነው ይለናል፤ ጸበልም ወስደናታል። የሚገርመው እንቅልፍ ሲወስዳት እጇ ጸጥ ይላል» አለችኝ። እሳቸው ደግሞ አንገታቸውን ደፍተው «ልጄ፣ እኔ አይደለሁም የማንቀሳቅሰው። ሰው ፊት መውጣት አፈርኩ» አሉ።

እውነቱን ልናገር፤ እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት ስትሮክ ነው። ነገሩን የቀየረችው ነርሷ ናት። ጣታቸውን ወግታ ስኳር ስትለካ ማሽኑ ቁጥር መስጠት አቅቶት «ከፍተኛ» ብሎ ቀረ። ላብራቶሪ ሲሠራ ከ600 በላይ ሆኖ ተገኘ። ለካ የስኳር ኪኒናቸውን ካቆሙ አምስት ወር አልፏቸዋል። «ደህና ስሆን ተውኩት» አሉ። ሲቲ ስካኑ ላይ በቀኝ በኩል ያለው ቤዛል ጋንግሊያ ነጣ ብሎ ይታይ ነበር። መጨረሻቸውን ወደታች እነግራችኋለሁ።

ቤዛል ጋንግሊያ ምንድን ነው?

አንጎላችን ውስጥ ጠለቅ ብለው፣ በግራም በቀኝም የሚገኙ የነርቭ ሕዋሳት ስብስቦች አሉ። በጥቅሉ ቤዛል ጋንግሊያ ይባላሉ። ኮዴት፣ ፑታመን፣ ግሎበስ ፓሊደስ፣ ሰብታላሚክ ኒውክለስ እና ሰብስታንሺያ ናይግራ የሚባሉ ክፍሎች አሏቸው። ስሙን መሸምደድ አይጠበቅባችሁም፤ ሥራውን ግን በምሳሌ ላስረዳ።

የታክሲ ተራ አስቡ። ሁሉም ሹፌር መውጣት ይፈልጋል። ተራ አስከባሪው አንዱን «አንተ ውጣ» ይላል፣ ሌላውን «ቆይ» ይላል። ቤዛል ጋንግሊያም እንደዚሁ ነው። የቡና ሲኒ ልታነሱ ስትፈልጉ የሚያስፈልገውን እንቅስቃሴ ይለቃል፣ የማያስፈልገውን ይይዛል። ይህን ሥራ ከሚያስተካክሉት ኬሚካሎች ዋነኛው ዶፓሚን ነው።

ተራ አስከባሪው ከልክ በላይ ሲያጠብቅ ታክሲው ሁሉ ይቆማል፤ ሰውየው ይዘገያል፣ ሰውነቱ ይገተራል። ተራ አስከባሪው ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም በአንዴ ይወጣል፤ ያልታዘዘ እንቅስቃሴ ይመጣል። ከላይ ያሉት እናት የገጠማቸው ሁለተኛው ነው። ግራ ጎናቸው ሲወራጭ ጉዳቱ በቀኝ የተገኘው ደግሞ የቀኙ አንጎል የግራውን አካል ስለሚያዝ ነው።

ምልክቶቹ ምን ምን ናቸው?

ምልክቱ የሚወሰነው የትኛው ክፍል እንደተጎዳ፣ በአንድ ጎን ወይም በሁለቱም እንደሆነ፣ እንዲሁም ጉዳቱ በድንገት ወይም ቀስ ብሎ እንደመጣ ነው።

👉 መዘግየትና መገተር፦ አረማመድ ያጥራል፣ ሲሄዱ አንዱ እጅ አይወዛወዝም፣ የእጅ ጽሑፍ ያንሳል፣ ፊት ስሜት አልባ ይመስላል።

👉 መንቀጥቀጥ፦ በተለይ እጅ ጭን ላይ አርፎ ሳለ የሚመጣ፣ እቃ ሲያነሱ ግን የሚቀንስ።

👉 ያልታዘዘ እንቅስቃሴ፦ ጭፈራ የሚመስል መቁነጥነጥ፣ እጅና እግርን የሚወረውር መወራጨት፣ ወይም የአንገት፣ የእጅ፣ የእግር መጣመም።

👉 ንግግርና መዋጥ፦ ድምፅ ይቀንሳል፣ ቃላት ይጎተታሉ፣ ውሃ ትን ይላል።

👉 የባሕርይ ለውጥ፦ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ቤዛል ጋንግሊያ ከፍላጎትና ከስሜት ጋርም የተያያዘ ነው። ትናንት ቤቱን ቀጥ አድርገው ይመሩ የነበሩ አባት ዛሬ ካልተነገራቸው አይነሱም፣ አይናገሩም፣ ግድ አይሰጣቸውም። ቤተሰብ «ሰነፉ» ወይም «ተቀየሙን» ይላል። ድባቴም አብሮ ሊመጣ ይችላል።

👉 የአንድ ጎን መድከም፦ እንቅስቃሴን ከአንጎል ወደ አካል የሚያወርደው የነርቭ መስመር በዚሁ አጠገብ ስለሚያልፍ፣ ደም ከፈሰሰ ወይም ሰፋ ያለ ጉዳት ከደረሰ እጅና እግር ሽባ ሊሆን ይችላል።

ምን ይጎዳዋል?

1. ደም ግፊትና ስትሮክ። ለዚህ ቦታ ደም የሚያደርሱት ሥሮች ቀጫጭን ናቸው፤ ከትልቁ የደም ሥር በቀጥታ ስለሚቀጠሉ ከፍተኛውን ግፊት ይሸከማሉ። ለዓመታት ያልታከመ ግፊት ያሳሳቸዋል ወይም ይዘጋቸዋል። በደም ግፊት ምክንያት አንጎል ውስጥ ደም ሲፈስ ከሁሉም ይበልጥ የሚዘወተረው ቦታም ይኸው ቤዛል ጋንግሊያ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ጥቃቅን ስትሮኮች ሳይታወቁ ይጠራቀሙና ሰውየው ከጊዜ በኋላ እግሩን እየጎተተ መሄድ ይጀምራል። «ግፊቴ አያመኝም» የምትሉ ወገኖች፣ ችግሩ አለማመሙ ነው።

2. ከልክ ያለፈ ስኳር። የእኚህ እናት ጉዳይ ነው። ብዙዎች ስኳር ዓይን፣ ኩላሊትና እግር እንደሚጎዳ ያውቃሉ፤ ድንገተኛ የአንድ ጎን መወራጨት እንደሚያመጣ ግን አይሰሙም። በተለይ በዕድሜ የገፉና ስኳራቸው ለረጅም ጊዜ ከቁጥጥር ውጪ የሆነ ሴቶች ላይ ይታያል። ሲቲ ስካን ላይ የደም መፍሰስ መስሎ ሊያሳስትም ይችላል። ስለዚህ በድንገት መወራጨት የጀመረ ሰው ሁሉ ከምንም በፊት ስኳሩ ይለካ።

3. የከሰል ጋዝ። ይህን ደጋግማችሁ አንብቡት። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ያወጣል። «ጭሱ ካለቀና ከሰሉ ከቀላ ችግር የለውም» የሚባለው ስህተት ነው፤ የቀላው ከሰልም ጋዙን ያወጣል። ጋዙ ደማችን ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፤ ከአንጎል ክፍሎችም በተለይ ግሎበስ ፓሊደስን ያጠቃል። አስቸጋሪው ነገር፣ ሰውየው ነቅቶ ደህና ሆኖ ወደ ቤቱ ከተመለሰ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ መርሳት፣ መዘግየት፣ ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ሊጀምረው ይችላል። ወተት ማጠጣት ጋዙን ከደም አያወጣም፤ የሚያስፈልገው ንጹህ አየርና ሐኪም ቤት የሚሰጥ ኦክስጅን ነው። በክረምት ብርድ ከሰል አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ፈጽሞ አይሞከር።

4. ሜታኖል ያለበት መጠጥ። ሕገወጥ በሆነ መንገድ የተዘጋጀ ወይም የተቀላቀለ አልኮል ሜታኖል ሊኖረው ይችላል። ዓይን ማጥፋቱን ብዙ ሰው ሰምቷል፤ ፑታመን የሚባለውንም ክፍል ይገድላል። ከጠጡ በኋላ ዓይን መጋረድ፣ ከባድ ማስታወክና ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ከመጣ «ሀንጎቨር ነው» ብላችሁ አትጠብቁ።

5. ኢንፌክሽን። ኤችአይቪ በደማቸው ኖሮ መድኃኒት ያልጀመሩ ወይም ያቋረጡ ሰዎች፣ የመከላከል አቅማቸው በጣም ሲወርድ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ቤዛል ጋንግሊያ ላይ እብጠት ይሠራል። በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይታከማል። የአንጎል ሽፋን ቲቢም የዚህን አካባቢ ደም ሥሮች ሊዘጋ ይችላል።

6. በልጆች ላይ። ከጉሮሮ ሕመም (ቶንሲል) ሳምንታት ወይም ወራት በኋላ አንዲት የ10 ዓመት ልጅ መቁነጥነጥ፣ እቃ መጣል፣ ያለምክንያት ማልቀስ ከጀመረች የሩማቲክ ትኩሳት ምልክት ሊሆን ይችላል። ይህ የሚመጣው ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሠራው መሣሪያ በስህተት ቤዛል ጋንግሊያን ሲያጠቃ ነው። ትምህርት ቤት «አርፈሽ ተቀመጪ» እየተባለች ትቀጣለች፤ ልጅቷ ግን ማረፍ አትችልም። መቁነጥነጡ በአብዛኛው በጊዜ ሂደት ይተዋል፤ የሚያስፈራው አብሮ የሚጎዳው ልብ ነው። ስለዚህ የልብ አልትራሳውንድና በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የሚወጋ ፔኒሲሊን ያስፈልጋታል።

ጨቅላ ሕፃናት ላይ ደግሞ በጣም የበዛ ቢጫነትና በወሊድ ጊዜ መታፈን ይህን ቦታ ይጎዳሉ። ሕፃኑ በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ቢጫ ከሆነ፣ ወይም ቢጫነቱ እግሩ ድረስ ከወረደ፣ ወይም መጥባት ካቆመ ፀሐይ ማሞቅ አይበቃም፤ በዚያው ዕለት ይዛችሁት ሂዱ።

7. ሌሎች። ፓርኪንሰን ሰብስታንሺያ ናይግራ ውስጥ ያሉ ዶፓሚን አምራች ሕዋሳት ቀስ በቀስ ሲሞቱ የሚመጣ ነው። ሀንቲንግተን በዘር ይተላለፋል። ዊልሰን በሚባለው በሽታ መዳብ ጉበትና አንጎል ውስጥ ይከማቻል። አንድ ወጣት ንግግሩ ሲበላሽ፣ እጁ ሲንቀጠቀጥና ጉበቱ ሲታመም ዊልሰንን ማሰብ አለብን፤ ምክንያቱም ቶሎ ከተደረሰበት መድኃኒት አለው።

አንድ ነገር ልጨምር። ለማስታወክ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድና ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል ዶፓሚንን ስለሚያግዱ በድንገት አንገት ሊጣመም፣ ዓይን ወደላይ ሊሰቀል ይችላል። ይህ የአንጎል ቁስል አይደለም፤ በመርፌ ቶሎ የሚስተካከል የመድኃኒት ጎንዮሽ ጉዳት ነው። ያያችሁትን ለሐኪም ተናገሩ፤ የአእምሮ መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ።

«ካልሲፊኬሽን» ተብሎ ከተጻፈስ?

የጠያቂዬ አባት ውጤት ላይ የነበረው ይህ ነው። ካልሲየም ተቀምጧል ማለት እንጂ ካንሰር ማለት አይደለም። ዕድሜ ሲገፋ በሁለቱም በኩል ትንሽ ካልሲየም መታየቱ የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት የለውም። ነገር ግን ሰውየው ወጣት ከሆነ፣ ካልሲየሙ ከበዛ፣ ወይም ቀደም ሲል የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ካደረገ በደሙ ያለው የካልሲየም መጠንና የፓራታይሮይድ ሆርሞኑ ይታይ። በቀዶ ሕክምናው እነዚህ እጢዎች ተነክተው ከሆነ ካልሲየሙ ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ ይታከማል።

ምርመራውና ሕክምናው

ምርመራ የሚጀምረው ውድ ከሆነው ማሽን አይደለም። ስኳርና ግፊት መለካት፣ ታሪክ በደንብ መስማት፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ማየት ይቀድማል። ቤት ውስጥ እንቅስቃሴውን በስልካችሁ ቪዲዮ ቀርጻችሁ ብታመጡልን በጣም ትረዱናላችሁ። ቀጥሎ እንደ ሁኔታው የኤችአይቪ፣ የካልሲየም፣ የጉበት ምርመራ፣ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ይታዘዛል።

ሕክምናው መንስኤውን ይከተላል። ስኳር ከሆነ ስኳሩን ማውረድ፣ ግፊት ከሆነ ግፊቱን መቆጣጠር፣ ኢንፌክሽን ከሆነ ተሕዋሱን ማጥፋት፣ ፓርኪንሰን ከሆነ ዶፓሚንን የሚተካ ሌቮዶፓ መስጠት። ከባድ መወራጨትን የሚያረጋጉ መድኃኒቶችም አሉ። ፊዚዮቴራፒ ደግሞ በብዙዎቹ ያስፈልጋል። የሞተ ሕዋስ አይመለስም፤ ቶሎ ከተደረሰ ግን ብዙ ነገር ይተርፋል።

መቼ ነው ሳትውሉ ሳታድሩ መሄድ ያለባችሁ?

👉 በድንገት ፊት ከጣመመ፣ እጅ ወይም እግር ከደከመ፣ ንግግር ከተሳሰረ። ደም በመርጋት ለሚመጣ ስትሮክ የረጋውን የሚያሟሟ መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ሁሉም ቦታ ባይገኝም ሰዓቱን መዝግባችሁ ሩጡ።
👉 በድንገት አንድ ጎን መወራጨት ከጀመረ።
👉 ከባድ ራስ ምታት ከማስታወክ ጋር፣ ወይም ራስን መሳት ካለ።
👉 ከሰል ባለበት ክፍል አብረው የነበሩ ሰዎች ራሳቸውን ካመማቸው ወይም ካዞራቸው።
መኪና ከሌላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ወደ እኚያ እናት ልመልሳችሁ። ኢንሱሊንና ፈሳሽ ጀመርንላቸው። በአራተኛው ቀን እጃቸው መርገብ ጀመረ። ከወር በኋላ ለክትትል ሲመጡ በራሳቸው እግር ገቡ። «ዶክተር፣ ትናንት ቡና በራሴ እጅ ቀዳሁ፤ አንድ ጠብታ አልፈሰሰም» አሉኝ። ልጃቸው ጸበሉን እንዳልተዉ በፈገግታ ነገረችኝ። እኔም «እሰየው፣ ኪኒናውንም አብረው ይዋጡ» አልኳቸው። ሁለቱ አይጣሉም። ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ስኳራቸውን የለካ ሰው አልነበረም፤ ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ እናጣቸው ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉ። እናታችሁን ወይም አባታችሁን ደውላችሁ «የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒትዎ አላለቀም ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካለቀ ነገ ይገዛ።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ እንጂ የሐኪም ምርመራን አይተካም። ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ። ለሌላውም ይደርስ ዘንድ አጋሩት።