ቆሞ ያለ ዋንዛ ስንት ያወጣል?

በጥቅምትና በኅዳር ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ የሚሄድ ሰው ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ በቡና ሽታ ነው የሚጨርሰው። በየደጁ ጀንፈል ተሰጥቷል፤ በየመታጠፊያው የሰብሳቢ ሚዛን ተሰቅሏል። እሸቷን በጆንያ ተሸክማ የመጣች እናት ተራዋን ጠብቃ ታስመዝናለች። ሰብሳቢው መርፌው ሳይረጋ ኪሎውን ሊጠራ ሲል «ይርጋ እንጂ ልጄ!» ትለዋለች። ይረጋል፤ ይጠራል፤ ብሩን ቆጥራ በመቀነቷ ትቋጥራለች። የዛሬውን ዋጋ ማን ቆረጠው ቢባል ሰብሳቢው ወደ አቅራቢው፣ አቅራቢው ወደ ላኪው፣ ላኪው ደግሞ ወደ ኒው ዮርክ ገበያ ያመለክታል።

ሚዛኑ የተንጠለጠለበትን ቅርንጫፍ ግን ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ብዙ ጊዜ ዋንዛ ነው። እዚህ አገር ቡና የሚበቅለው በዋንዛ፣ በሳሳና በቀረሮ ጥላ ሥር ነው። ጥላው ከሌለ ቅጠሉ ይገረጣል፣ አፈሩ ይታጠባል። የዚያ ጥላ ዋጋ ግን በየትኛውም ደረሰኝ ላይ ሰፍሮ አይገኝም። ዋንዛው ዋጋ የሚያወጣው ሲወድቅ ነው፦ ጣውላ፣ በር፣ ቁም ሳጥን ሆኖ። የ1986 ዓ.ም. የደን አዋጅ ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር በስም ጠርቶ ሊጠብቀው ሞክሯል። ይሁን እንጂ ልጁ የታመመበት ወይም የትምህርት ቤት ክፍያ የደረሰበት ገበሬ አዋጅ አያነብም፤ የመጋዙን ባለቤት ነው የሚጠራው።

ይህን ጉዳይ ሳስብ አንድ የሩቅ አገር ሰነድ ወደ አእምሮዬ ይመጣል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ሕግ በአባሪው የሸቀጦችን ዝርዝር በጉምሩክ ቁጥር አስፍሯል። ቡና በ0901 ተመዝግቧል። እዚያው ዝርዝር ላይ፣ በ4406፣ ከባቡር ሐዲድ ሥር የሚጋደመው እንጨት አለ። ሁለቱም የሚቀርብላቸው ጥያቄ አንድ ነው፦ የመጣህበት መሬት እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደኑ ተመንጥሯል ወይስ አልተመነጠረም?

ባቡርና ደን በሌላው ዓለም የቆየ ጠብ አላቸው። ለአንድ ኪሎ ሜትር ሐዲድ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ በላይ አግዳሚ ያስፈልጋል። በእንግሊዞች ዘመን የህንድን ደን ባቡሩ እየበላ ሲያስቸግር ነው እ.ኤ.አ. በ1864 የደን መሥሪያ ቤት የተቋቋመው። የእኛ ታሪክ ከዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1917 አዲስ አበባ የገባው ሐዲድ የተዘረጋው በብረት አግዳሚ ላይ ነበር፤ ምስጥ ብረት አይበላምና። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር ደግሞ በኮንክሪት ላይ ነው የተኛው። ከጅማ በጉራፈርዳ አድርጎ ወደ ዲማ ይወርዳል የተባለው መስመር ገና በእቅድ ወረቀት ላይ ነው። ስለዚህ ከሚዛንና ከቴፒ ደን ወጥቶ የዓለምን ገበያ የሚያንኳኳው ግንድ አይደለም፤ ቡና ነው። የግንዱም ዕጣ ያለው በቡናው ዋጋ ላይ ነው።

ይህን ያለፉት ዓመታት አሳይተውናል። እ.ኤ.አ. በ1989 አገሮች በኮታ የሚሸጡበት ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት ፈረሰ። በ2001 በኒው ዮርክ ገበያ የአንድ ፓውንድ አረቢካ ዋጋ ከ50 ሳንቲም በታች ወረደ። በሐረርጌ ቡና እየተነቀለ ጫት ተተከለ። በደቡብ ምዕራብ ቡናን የሚገዳደረው በቆሎ ነው፤ በቆሎ ደግሞ ጥላ አይወድም። ቡና ያላበላው ገበሬ በቆሎ ልዝራ ካለ መጀመሪያ የሚወድቀው ዋንዛው ነው። በኋላ ግን ዘመኑ ተገለበጠ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ፓውንዱ ከ4 ዶላር አለፈ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ፤ በ2017 በጀት ዓመት አገሪቱ ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘች። ይህ ከቀዳሚው ዓመት ጋር ሲተያይ ወደ እጥፍ የተጠጋ ነው። ጭማሪው እስከ ጆንያዋ እናት ምን ያህል ደረሰ? ይህ ጥያቄ ከጠቅላላ ገቢው ይልቅ ያሳስበኛል።

የዚህን አካባቢ ቡና ዋጋ ሲያነሱ ጌሻ የተባለውን የቡና ዝርያ ማለፍ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ ደን ዘሩ ተለቅሞ ኬንያ ገባ፤ በታንዛኒያና በኮስታ ሪካ በኩል ፓናማ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2004 በፓናማ ጨረታ ፓውንዱ በ21 ዶላር ተሸጠ፤ በዚያን ጊዜ ይህ ጉድ የሚያሰኝ ዋጋ ነበር። በ2025 ጨረታ ግን አንድ ኪሎ የታጠበ ጌሻ ከ30 ሺህ ዶላር በላይ አወጣ። ፓናማዎቹ ማሳቸውን ለይተው፣ ለፍተው ያገኙት ነው፤ አልቀናባቸውም። የሚያንገበግበኝ ዘሩ የወጣበት ደን ጠባቂ ገበሬ ስሙ ከጆንያው ጋር አለመሄዱ ነው።

ስም የሚጠፋው ደግሞ በመንገድ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ሲጀምር ቡናው በደረጃና በአካባቢ ተመድቦ በአንድ መጋዘን ይደባለቅ ነበር፤ ገዢው «ቴፒ» ወይም «በበቃ» የሚለውን ስም እንጂ ማሳውን አያውቅም ነበር። ለክፍያ ዋስትና ጥሩ ነበር፣ ለዱካ ግን አልሆነም። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይት አዋጅ በቀጥታ የመሸጥን በር ከፈተ። የአውሮፓው ሕግ ደግሞ ከዚህም አልፎ ነጥቡን ይጠይቃል፦ ማሳው ከ4 ሄክታር በታች ከሆነ አንድ የካርታ ነጥብ፣ ከዚያ ከበለጠ ዙሪያ ወሰኑን።

በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። የበበቃና የቴፒ ሰፋፊ እርሻዎች ወሰናቸው የታወቀ ነው። ከፊል ጫካ ቡና ያላቸው ገበሬዎች ግን በሦስት ቦታ የተበጣጠሰ፣ ከመንግሥት ደን ጋር የተጣበቀ ማሳ ነው ያላቸው። ስልክ ይዞ ነጥብ ሊወስድ የሄደ ወጣት ቅጠሉ ሰማዩን ከልሎት ነጥቡ አልረጋ እያለው ገላጣ ቦታ ፍለጋ ይንከራተታል። ጥላውን በደንብ የጠበቀ ሰው ማሳው ለመለካት የበለጠ ያስቸግራል። ይህ ልፋት ገንዘብ ይጠይቃል፤ ገንዘቡ ከእናትየዋ ኪሎ ላይ ተቆርጦ እንዳይወጣ እፈራለሁ። ማስረጃውን የፈለገው ገዢው ነው፣ የውጭ ምንዛሬውን የሚያገኘው መንግሥት ነው፤ ወጪውን ሁለቱ ይሸፍኑት። በዚያ ላይ ለቆመው ዛፍ በኪሎ የሚታከል፣ በደረሰኝ ላይ ለብቻው የሚጻፍ ብር ይኑር። የሸካ ደን እ.ኤ.አ. በ2012፣ የካፋ ደን በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ክልል ሆነው የተመዘገቡት እኮ በእነዚሁ ገበሬዎች ጥበቃ ነው።

የአውሮፓው ሕግ ሥራ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2024 ወደ 2025፣ ቀጥሎም ወደ ታኅሣሥ 2026 ተገፍቷል። ዳግም ካልተገፋ በጥቅምት 2019 ዓ.ም. ከዋንዛው ሥር የሚለቀመው ቡና አውሮፓ ወደብ ሲደርስ ነጥቡን ይጠየቃል። ሚዛኑ ዘንድ የቆመችው እናት ዛፎቿን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች፤ የትኛውን አባቷ እንደተከሉት፣ የትኛው በራሱ እንደበቀለ ትነግራችኋለች። ነጥቡን ግን እስካሁን ማንም መጥቶ አልወሰደላትም።