ያማረው ሰማይ ለምን ይደበዝዛል?

ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ የተነሣ ደራሲ ለፍቅር ልብ ወለዱ ሽፋን ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለውን የጉናን ተራራ፣ ከግርጌውም አደይ አበባን በፎቶሾፕ አቀናበረ እንበል። በኮምፒዩተር ያማረው ሰማይ ሲታተም ለምን ይደበዝዛል?

ስክሪን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን እየደመረ ቀለምን ይፈጥራል። የኅትመት ቀለሞች፣ ማለትም ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር፣ ግን ወረቀቱ ላይ ከሚያርፈው ብርሃን ከፊሉን ይውጣሉ። ስለዚህ የስክሪኑ ደማቅ ሰማያዊና አረንጓዴ በወረቀት ላይ አይገኝም፤ ቢጫዋ አደይ ግን ብዙም አትጎዳም።

መጠኑም ይታሰብ። 14 በ21 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሽፋን በአንድ ኢንች 300 ነጥብ እንዲታተም 1654 በ2480 ፒክስል ይሻል። ከዚህ ያነሰ ፎቶግራፍ ሲለጠጥ የተራራው ጠርዝ ይደፈርሳል።

የታተመ ሽፋን አይታረምምና፣ ደራሲው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ምስሉን ወደ ኅትመት ቀለም ለውጦ የሙከራ ቅጂውን በወረቀት እንዲያይ እንመክራለን።