ከቱና ጋር የሚጠመዱ ዶልፊኖችን ለማዳን መዝገብ የሰጠው ጥቅም

መግቢያ

ዶልፊን መልኩ ዓሣ ቢመስልም አጥቢ እንስሳ ነው። የሚተነፍሰው በሳንባ ስለሆነ ከውኃ በላይ ብቅ ማለት ካልቻለ ታፍኖ ይሞታል። በምሥራቅ ፓስፊክ ውቅያኖስ ቱና የተባለው ትልቅ ዓሣ ብዙ ጊዜ ከዶልፊን መንጋ ሥር ይጓዛል። አሥጋሪዎችም መንጋውን በትልቅ መረብ ከበው የመረቡን ሥር በገመድ እንደ ከረጢት አፍ ይቋጥሩታል። በዚህም ዶልፊኑ ከቱናው ጋር ይጠመዳል። እ.ኤ.አ. በ1986 ብቻ ወደ 133,000 የሚጠጉ ዶልፊኖች በዚህ ምክንያት እንደሞቱ ተገምቷል።

የችግሩ ምክንያት

ዶልፊኖቹን ማስወጫ ዘዴ አስቀድሞም ነበር። ይኸውም መርከቡ ወደ ኋላ ሲሄድ የመረቡ ጠርዝ ከውኃው ገጽ በታች ይሰምጥና ዶልፊኖቹ በላዩ ያልፋሉ። ታዛቢዎች በመርከብ ላይ ተሳፍረው መረብ በተጣለ ቁጥር ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የመሣሪያ ብልሽቱንና የሞቱትን ዶልፊኖች ቁጥር ይመዘግቡ ነበር። መዝገቡ በአንድነት ሲመረመር ሞቱ የበዛው ሥራው እስከ ጨለማ በዘገየበት፣ የውኃው ፍሰት በበረታበትና መሣሪያ በተበላሸበት ጊዜ መሆኑ ታወቀ። በካፒቴኖች መካከልም የችሎታ ልዩነት ታየ።

የተወሰደው እርምጃ

የተገኘው ውጤት በየስብሰባው ለካፒቴኖች ተገለጸላቸው። በ1992 በተደረገው የላ ሆያ ስምምነት ደግሞ ለእያንዳንዱ ትልቅ መርከብ ዓመታዊ የሞት ገደብ ተወሰነ። ገደቡን የጨረሰ መርከብ በዚያ ዓመት ዶልፊን ከቦ ማሥገር ያቆማል። ስለሆነም ጥንቁቁ ካፒቴን በቸልተኛው ጥፋት ሥራ አይፈታም። በ1993 የሟቾቹ ቁጥር ከ4,000 በታች ወረደ። ይሁን እንጂ ዶልፊኖችን ማሳደዱና መክበቡ ራሱ የሚያስከትለው ጉዳት እስካሁን አከራካሪ ነው።

ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚሰጥ ምክር

በሐይቆቻችን ዶልፊን የለም። ሆኖም በጣና ሐይቅ ባርበስ የተባሉት ዓሦች በክረምት ለመራባት ወደ ወንዞች ሲወጡ በወንዝ አፍ በተዘረጋ መረብ ይጠመዳሉ። ወላጁ ዓሣ ካለቀ የነገው ምርት አብሮ ያልቃል። ስለዚህ የልማት ሠራተኞች ከማኅበራት ጋር በመሆን የሚከተሉትን ቢፈጽሙ ይጠቅማል።

ሀ/ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የመረቡን ዓይን ስፋትና ዕንቁላል የያዙትን ዓሦች ቁጥር በአንድ ዓይነት ቅጽ መመዝገብ፤

ለ/ መጻፍ ለማይችለው አባል ሌላው እንዲጽፍለት ማድረግ፤

ሐ/ መዝገቡን በየወሩ በአባላት ፊት ማንበብና ዕንቁላል የያዙ ዓሦች የበዙባቸውን ቦታዎችና ጊዜያት መለየት፤

መ/ ከእነዚህ ቦታዎች መረብ የሚነሣበትን ጊዜ በጋራ መወሰን።

እውነቱን ያስመዘገበ አባል በዚሁ ምክንያት ሊወቀስ አይገባም። ከተወቀሰ በሚቀጥለው ወር ትክክለኛውን ቁጥር አይናገርም፤ መዝገቡም ዋጋ ያጣል።