ኮምፒዩተር የመኪና ግጭትን እንዴት ይመረምራል?

እንደሚታወቀው ሁለት መኪናዎች ሲጋጩ ነገሩ ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። የሚቀረው ክርክሩ ነው። አንዱ ሾፌር «ቀስ ብዬ ነበር የምነዳው» ይላል፤ ሌላው «ኧረ ሲበር ነው የመጣብኝ!» ይላል። ምስክሩም ብዙውን ጊዜ ዞር የሚለው ድምፁን ከሰማ በኋላ ነው። ታዲያ እውነቱ በምን ይታወቃል?

መንገዱ ራሱ ምስክር ነው። ጎማ አስፋልት ላይ የተወው ጥቁር መስመር፣ የተጨረማመተው ብረት፣ መኪናዎቹ በመጨረሻ የቆሙበት ቦታ ሁሉም ይናገራሉ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ፣ ባፋሎ ከተማ፣ ካልስፓን በተባለው የምርምር ድርጅት ሬይመንድ ማክሄንሪና ባልደረቦቹ ይህን ምስክርነት በኮምፒዩተር የሚያሰሉ ፕሮግራሞች አዘጋጁ። «ስማክ» የተባለው ወደ ፊት ይሄዳል። የመነሻ ፍጥነት ተገምቶ ይሰጠዋል፤ ግጭቱን በጥቂት በጥቂቱ እያሰላ ያራምዳል፤ ውጤቱ መንገዱ ላይ ካለው ምልክት ጋር ካልገጠመ ግምቱ ተስተካክሎ እንደገና ይሞከራል። «ክራሽ» የተባለው ደግሞ መኪናዎቹ ከቆሙበት ቦታና ከደረሰባቸው ጉዳት ተነሥቶ ወደ ኋላ ያሰላል።

መሠረቱ ግን ሁላችንም የተማርነው የኒውተን ሕግ ነው። ምሳሌ እንውሰድ። በሰዓት 50 ኪ.ሜ. በተፈቀደበት መንገድ እግረኛ የገጨ መኪና ፍሬን ይዞ 20 ሜትር ተንሸራቶ ቆመ እንበል። የሰበቃውን ቁጥር 0.7 ብለን በ9.8፣ በ20 እና በ2 አባዝተን ስኩዌር ሩቱን ብናወጣ በሴኮንድ 16.6 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 60 ኪ.ሜ. ያህል ይመጣል። ሾፌሩ ከተፈቀደው በላይ ነድቷል ማለት ነው። አስፋልቱ ረጥቦ ሰበቃው 0.4 ከነበረስ? ፍጥነቱ ወደ 45 ይወርዳል። ያው 20 ሜትር፣ ያው ሾፌር፤ ፍርዱ ግን ሌላ!

እንግዲህ ኮምፒዩተሩ ግጭቱን አላየም፤ የሰጡትን ብቻ ነው የሚያሰላው። መርማሪው መንገዱ እርጥብ እንደነበር ሳይመዘግብ ከቀረ፣ ማሽኑ ስሕተቱን አሳምሮ በሥዕል ያወጣዋል። ሥዕሉ ስላማረ ግን እውነት አይሆንም። ስለዚህ ጠንቃቃ መርማሪ በአንድ ቁጥር አይወሰንም፤ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ፍጥነት ለይቶ ያቀርባል።

ነገ ክፍል ገብተን ተማሪዎች «ሰበቃ ምን ይጠቅመናል?» ቢሉን ይህችን ስሌት ሰሌዳ ላይ እንሥራላቸው። መልሱን ከማመናቸው በፊትም «0.7ን ማን ለካው?» ብለው መጠየቅን እናስለምዳቸው። አንድ ሰው የሚታሰረው ወይም የሚፈታው በዚያች ቁጥር ሊሆን ይችላልና።